ግድግዳው ውስጥ የቀረው እንጨት

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህ ተሻለህ ወይ? ጉንፋኑስ ለቀቀህ? እንቅልፍ ታገኛለህ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ ለወግ ያህል አይደለም፤ አንብበህ ስትጨርስ ይገባሃል።

ከመሄድህ በፊት ለእማዬ የተከልክላት የብረት ምድጃ ቤቱን ጥሩ አድርጎ ሲያሞቅ ከርሟል። ጎረቤቱ ሁሉ ልጅ ማለት እንዲህ ነው እያለ ያመሰግንሃል። ባለፈው ወር ግን የጭስ ማውጫው ቧንቧ ግድግዳውን በስቶ በሚወጣበት ዙሪያ ልስኑ ቢጫ ይሆን ጀመር። እማዬ ጥላሸት ነው ብላ በጨርቅ ወለወለችው፤ አልለቀቀም።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ስፌት ቤት ልሄድ ስል የሚቃጠል እንጨት ሸተተኝ። የምድጃው ነው እንዳልል ገና አልተለኮሰም። መዳፌን ግድግዳው ላይ ባሳርፍ ፈጀኝ። እማዬን ከነብርድ ልብሷ ወደ ደጅ አወጣኋትና ከማዶ ያለውን ግንበኛ፣ “ቀስ በሉ” የምንለውን፣ ሮጬ ጠራሁት። ያን ቀን ግን እሱም ቀስ አላለም። በመሮና በመዶሻ ጡቡን ሲፈለቅቀው፣ ከውስጥ ግማሹ ከሰል የሆነ እንጨት ብቅ አለ። ፍሙ ገና ቀይ ነበር። ሁለት ባልዲ ውኃ ደፋንበት።

ለካ አንተ ቧንቧውን ያስገባኸው ድሮ መስኮት በነበረበት በኩል ኖሯል። መስኮቱ በጡብ ሲደፈን ከላይ የተጋደመው እንጨት እዚያው ቀርቷል፤ በልስን ተሸፍኖ ማን ያየዋል? ቧንቧው ደግሞ ከእንጨቱ አንድ ጣት እንኳ ሳይርቅ በሲሚንቶ ተጠርቅሟል። ግንበኛው፣ ሰው ጡብ አይነድም እያለ ይሞኛል፣ ጡቡ ግን ሙቀቱን ተቀብሎ ለእንጨቱ ያቀብላል አለኝ። ማን ነው የሠራው ብሎ ሲጠይቀኝ ባልዲውን አንስቼ ውኃ ልቀዳ ወጣሁ።

እንጨቱን አውጥቶ በቦታው የላዩን ጡብ የሚሸከም የሲሚንቶ አግዳሚ አጋደመ። ቀዳዳውን አሰፋና ሰፊ የሸክላ ቱቦ ቀበረበት፤ ቧንቧው በዚያ መሃል ሳይነካው ያልፋል። ክፍተቱን በሲሚንቶ ሳይሆን ከድንጋይ በሚሠራ፣ እሳት በማይበላው ጥጥ መሰል ነገር ሞላው። ቧንቧው ወደ ውጭ ሲሄድ ጥቂት ሽቅብ እንዲል፣ ውጭ ያለውም ከጣሪያው በላይ እንዲቆም አደረገ። ከቧንቧው ዙሪያ አንድ ክንድ እስኪርቅ ድረስ እንጨት የሚባል እንዳይኖር እየለካ አረጋገጠ።

እማዬ እንዳትጽፊለት፣ በሰው አገር ይብሰለሰላል አለችኝ። እኔም ልተወው ነበር። ነገር ግን ባለፈው ደብዳቤህ እዚያም ለሦስት ቤቶች እንዲህ ያለ ምድጃ መትከልህን ነግረኸናል። ወንድም ጋሼ፣ አላየህም እንጂ አላጠፋህም። አሁን ግን አውቀሃል። ይህን ወረቀት አስቀምጥና ዛሬውኑ ሂድ፤ እሳት እንዳያነዱ ንገራቸው፤ ግድግዳውን ከፍተህ እይ። አፍረህ እንዳትቀር። ሀፍረት በሳምንቱ ይረሳል።

ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል። ትንሿ ልጄ የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ አሁን ሳወራ አፏጫለሁ ብለሽ ለአጎቴ ጻፊልኝ ብላለች። እማዬ ግንባርህን ትስማለች። ይህን መጻፌን አታውቅምና ስትመልስልን አደራ፣ ስለ ሦስቱ ቤቶች በሌላ ወረቀት ለብቻዬ ጻፍልኝ።

እህትህ
ከእማዬ ቤት፣ የካቲት ፱ ቀን