ዘጠነኛው ሰው

ማክሰኞ፣ መጋቢት 3

ዛሬም ውሃ የለም። ከጎረቤት ሁለት ባልዲ ለምኜ ጥቁሩን ቦሎቄ ዘፈዘፍኩ። ጉልበቴ ከጠዋት ጀምሮ ይጠዘጥዘኛል... ዝናብ ሊመጣ ነው ወይስ እርጅና ብቻ?

ከሰዓት በኋላ ኦስማኒ መጣ፣ ከስፖርት ቢሮ። የስታዲየሙን አጥር ሲዘል የማውቀው ልጅ ዛሬ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከቶ "ጓድ ኤኔይዳ" ይለኛል። ስታዲየማችን አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። የክፍለ ሀገራችን የምንጊዜም ምርጥ ዘጠኝ የቤዝቦል ተጫዋቾች ይመረጡና ፊታቸው በውጭው ግድግዳ ላይ ይሣላል። መራጮቹ ሦስት ነን፤ እሱ፣ የድሮው አሠልጣኝ ሮቡስቲያኖና እኔ። ሠላሳ አንድ ዓመት እያንዳንዱን ጨዋታ የመዘገብኩት እኔ ነኝና ያለ እኔ አይሆንም አለ።

እምቢ ማለትም ጉልበት ይፈልጋል። እሺ አልኩ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 5

መዝገቦቹን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። ሠላሳ አንድ ደብተር። የ1983ቱን ምስጥ በልቶታል... አንድ ዓመት ሙሉ ጨዋታ ዱቄት ሆኖ ቀረ። ልጄ ማይሊን ከሥራ ስትገባ ጠረጴዛው ሞልቶ አገኘችው። ምንድን ነው አለች፤ ነገርኳት። ሳህኗን ይዛ በረንዳ ላይ በላች።

ሰኞ፣ መጋቢት 9

የመጀመሪያው ስብሰባ። የቢሮው ማራገቢያ ተበላሽቷል፤ ሦስታችንም በወረቀት እያራገብን ተከራከርን። ስምንቱን ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጨረስን። ኳስ ወርዋሪው ላይ ጠብ አልነበረም፤ ግራኙ ኢላሪዮ ካንቴሮ። ሞቷልና ሁሉም ይወደዋል። ከመቺው ጀርባ ተንበርክኮ ኳስ የሚቀበለው ላይ ስንደርስ ሮቡስቲያኖ ጉሮሮውን ጠረገና ራሱን መረጠ። ኦስማኒ አንገቱን ደፍቶ ሳቁን ዋጠ።

"ምን ያስቅሃል?" አለ ሮቡስቲያኖ። "ና፣ የተሰበረውን ጣቴን ቁጠር። ከእኔ የሚሻል ካለ ስሙን ጥራና እወጣለሁ።"

መዝገቡን አየሁ። እውነቱን ነው። ሰጠነው።

የቀረው ሾርትስቶፕ ነው። ሯጮች በሚረግጡት በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሃል የሚቆመው፣ ክፉ ክፉው ኳስ ሁሉ የሚመጣበት። ኦስማኒ በእርሳስ "ኡሊሴስ ፔድሮሶ" ብሎ ጻፈና ወደ እኔ ሳያይ ለሚቀጥለው እናቆየው አለ። ለምን እንደሚቆይ የጠየቀ የለም። ሦስታችንም እናውቃለንና።

ረቡዕ፣ መጋቢት 11

እስቲ ስሙን እዚህ ልጻፈው። ማን ያየኛል? ሬይኒየር ቦፊል።

አሥራ አራት ዓመት በዚህ ቤት ያልተጠራ ስም። አማቼ ነበር። ማይሊንን አግብቶ ሁለት ዓመት እዚሁ፣ ከእኛ ጋር ኖረ። ከዚያ ለውድድር ሜክሲኮ ሄደ፤ አንድ ቀን ጠዋት ከሆቴሉ ወጣና በዚያው ቀረ። መጀመሪያ ይጽፍ ነበር። እወስድሻለሁ፣ ጠብቂኝ... ከዚያ ደብዳቤው አጠረ። ከዚያ ጠፋ። በኋላ አንድ ሰው ከማያሚ ጋዜጣ ይዞ መጣ፤ ሬይኒየር ከአዲስ ሚስቱና ከመንታ ልጆቹ ጋር ፎቶ ተነሥቷል። ማይሊን አየችውና "ወፍሯል" አለች። ሲሄድ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነበር። አሁን አርባ ስድስት ሆናለች።

እጠላዋለሁ። ይመዝገብ።

ግን ዓይን አለኝ። እንደ እሱ ያለ ሾርትስቶፕ አላየሁም። ኳሷ ከመመታቷ በፊት የት እንደምትወድቅ የምትነግረው ነበር የሚመስለው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 14

ቀኑን ሙሉ ቁጥር ስደምር ዋልኩ። ዓይኔ ፈዘዘ።

ያኔ "አማቱ ስለሆነች ታዳላለታለች" ይሉኝ ነበር። ኳስ ሲያመልጥ የተጫዋቹ ስህተት ነው ወይስ የመቺው ጥሩ ምት ብሎ የሚወስነው መዝጋቢው ነዋ። ለካ የሆነው ተቃራኒው ነው! በሌላው ላይ የማልጽፈውን ስህተት በእሱ ላይ ጽፌበታለሁ። አሥራ አንድ አገኘሁ። ሰው እንዳያማኝ ብዬ ይሆን? ልጄን የነጠቀኝ መስሎኝ ይሆን? እንዲያም ሆኖ ከኡሊሴስ በብዙ ይበልጣል። በምትም፣ በእጅም፣ በሩጫም።

ኡሊሴስን እወደዋለሁ። የሚበላ በጠፋበት ዘመን ስኳር በውሃ በጥብጦ ጠጥቶ ይሰለፍ ነበር። ተራው ከደረሰ በኋላ አንድ ጨዋታ አላመለጠውም። ጥያቄው ግን ማን እዚህ ቀረ አይደለም። ማን ይበልጣል ነው... ነው አይደል?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 17

ተናገርኩት። ሾርትስቶፑ ሬይኒየር ነው አልኩ። ኦስማኒ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"እርስዎ ነዎት ይኼን የሚሉት?"

"መዝገቡ ነው የሚለው" አልኩ።

ሮቡስቲያኖ መስኮት መስኮቱን አየ። ከዚያ ያችን ጠማማ ጣቱን አነሣ። "እኔም እሱን ነው። ከሃዲ ቢባል፣ ባለጌ ቢባል፣ እጁ ግን እጅ ነበር።"

ሁለት ለአንድ። ኦስማኒ አልተቆጣም። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ከበታቹ ሁለት ልጆች፣ ከበላዩ ስንት አለቃ አለው። ላይ ጠይቄ እመጣለሁ አለ። ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 18

ማይሊን ወሬውን ሆስፒታል ሰማች፣ ከምትሠራበት የልብስ ማጠቢያ። እራቷን አልበላችም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 19

ዛሬ ተናገረች። ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ።

"እማዬ፣ ጥሎኝ የሄደውን የት ላይ ነው የመዘገብሽው? ምት ነው ያልሽው፣ ስህተት?"

ጨዋታ ሌላ ኑሮ ሌላ ብዬ ጀመርኩ... አልጨረስኩትም። የማጠቢያውን ጨርቅ ጨምቃ ሰቀለችና ገብታ ተኛች። ገና አልመሸም ነበር።

ለእውነት ብዬ ነው ያደረግኩት ወይስ ለእልህ? አላውቅም። ደክሞኛል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 24

መልሱ መጣ። አገር ጥለው የሄዱ አይቆጠሩም። ኦስማኒ አዲስ ወረቀት ይዞ መጣ፤ ዘጠነኛው ኡሊሴስ። ሮቡስቲያኖ ፈርሟል። የልጅ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው፤ ከቢሮ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋታል። አልፈረድኩበትም። እኔ ግን ላስብበት አልኩ።

"ምኑ ይታሰባል?" አለኝ ኦስማኒ። "እኔስ ይኼን ሥራ ወድጄው መሰለዎት?" ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ሁላችንም ደክሞናል ማለት ነው።

ማይሊን እንደምን ዋልሽ፣ እንደምን አደርሽ ብቻ ሆናለች።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 28

ኡሊሴስ መጣ።

ብስክሌቱን ከበረንዳው አስደግፎ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ገበያው አጠገብ ጎማ ይለጥፋል፤ እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሯል። ፓፓያ ይዞልኝ መጥቷል። እንደ ድሮው "አክስቴ" ይለኛል፤ ተጫዋቾቹ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚሉኝ። ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ። ስለ ውሃው አወራን። ከዚያ ወሬ አለቀ።

"አልፈርምም ብለዋል አሉ" አለ።

"እያሰብኩ ነው።"

"አክስቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እውነቱን ይንገሩኝ። ከእሱ እበልጥ ነበር?"

ውሸቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ናት፣ ምን ትጎዳለች? አርባ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው ፊቴ ቆሞ ኮፍያውን ያሽከረክራል...

"አትበልጥም" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። የሚያውቀውን ነገር እንደ ደገሙለት ሰው።

"ብዙ ነው የሚበልጠኝ?"

"ብዙ ነው፣ ልጄ።"

ሳቀ። የምር ሳቅ። "እሱ ሳይሄድ ሦስት ዓመት ተጠባባቂ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እሱን ሳይ ነው የኖርኩት። እኔ ያላወቅኩት ማን ያውቀዋል? ሚስቴ ግን ለሰፈሩ ሁሉ ነግራለች።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እሱ ዓለሙን አገኘ። እኔ ግድግዳዋን ባገኝ ምን አለበት?"

ምን አለበት? ምንም የለበትም። ግን አንተ ትበልጣለህ ብዬ መፈረም አይሆንልኝም አልኩት። አይፈርሙ አለኝ፤ ብቻ ግድግዳው ሲመረቅ ይምጡልኝ።

ለካ ማይሊን በሩ ጋ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። መጥታ ፓፓያውን ተቀበለችውና ስለ ልጆቹ ጠየቀችው።

ሰኞ፣ መጋቢት 30

ለኦስማኒ አልፈርምም አልኩት። ምን ይመጣብኝ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። እሱ እቴ! "ግድ የለም፣ ሁለት ፊርማ ይበቃል" አለና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ያ ሁሉ ጭንቀት... መጀመሪያውኑም አላስፈልጋቸውም ነበር። ሳቄ መጣ። ከዚያ ከቀትር ጀምሮ እስከ ማታ ተኛሁ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 5

ምሳ ላይ ማይሊን ሳላስበው "ከጨዋታ በፊት ጥሬ ሽንኩርት ይበላ ነበር፣ ትዝ ይልሻል?" አለችኝ።

ማን ብዬ አልጠየቅኩም። ትዝ ይለኛል፣ መጋረጃው ሳይቀር ይሸት ነበር አልኩ። ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመና ሹካዋን አስቀመጠች።

"የተቆጣሁት ስለመረጥሽው አይደለም። አሥራ አራት ዓመት ለእኔ ያልጠራሽውን ስም ሄደሽ ለኦስማኒ ጠራሽው። የሞተ ሰው እንኳ በቤቱ ይወራለታል።"

እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት አልኳት።

"እኔ ደግሞ አንቺ እንዳይከፋሽ ብዬ" አለች።

ሁለት ሞኞች፣ በአንድ ጣሪያ ሥር። ስለ አሥራ አንዱ ስህተት ነገርኳት። አንድ በአንድ አስነበበችኝ። "ይቺስ ስህተት ነበረች፣ እኔም አይቻታለሁ" አለች ስለ አንዷ። እንግዲህ አሥር ሆኑ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18

ግድግዳው ተመረቀ። ንግግር በዛ፣ ፀሐዩ ከረረ። ሠዓሊው ሮቡስቲያኖን ወጣት አድርጎ ስለሣለው እሱ ራሱ "ይኼ ማነው?" አለ። የኡሊሴስ አፍንጫ የእሱ አይደለም፤ ሚስቱ ግን አለቀሰች። እሱ በነጭ ሸሚዝ ከራሱ ሥዕል ሥር ቆሞ የሚያቅፈው በዛ። እኔንም ሲያቅፈኝ እጁ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ ሲፈትገው ያደረ ይመስላል።

መዳፌ እስኪግል አጨበጨብኩለት። ከልቤ ነው። ይኼም ይመዝገብ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23

ማይሊን ከሥራ ፈቃድ ወስዳ "ልበሽና ተከተይኝ" አለችኝ። የት ነው ብላት አትነግረኝም። የጠበቆች ቢሮ። ለካ ልጄ እስከ ዛሬ በሕግ የሰውየው ሚስት ናት! እንዴት ሳላስበው ቀረሁ?

ሁለት ሰዓት ያህል አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። የምትጽፈው ሴትዮ ከወረቀቷ ቀና ሳትል የፍቺውን ምክንያት ጠየቀች።

"ሄዷል" አለች ማይሊን።

"መቼ?"

ቀኑን ነገረቻት። ወሩን፣ ዓመቱን፣ አውሮፕላኑ የተነሣበትን ሰዓት ሳይቀር። ሴትዮዋ ያኔ ቀና አለች። ሰዓቱ አያስፈልግም አለቻትና ቀኑን ብቻ ጻፈች። አንድ መስመር አልሞላም።

ስንወጣ ታለቅሳለች ብዬ ክንዷን ያዝኩ። አይስክሬም አማረኝ አለች። አይስክሬም ቤቱ የነበረው እንጆሪ ብቻ ነው። ለሁለታችን ስድስት ኩባያ አዘዘች።

"ማን ሊጨርሰው ነው?" አልኳት።

"ቀስ ብለን" አለች።