የጋሽ በየነ ማውዝፒስ

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ዛሬ ልምምድ ቀረሁ። አሞኛል አልኳቸው።

የኦርኬስትራው መሪ «የትራምፔትህ ድምፅ የሠርግ ነው፣ ይጮኻል። ጎድጎድ ያለ ማውዝፒስ ፈልግ» ካለኝ ወር አለፈው። ከውጭ የሚመጣውን የትራምፔት አፍ መግዛት አልችልም። ኮልፌ ቶርኖ ቤት ያለው ጀማል ከአሮጌ ቧንቧ ናስ አስመስዬ እሠራልሃለሁ፣ ናሙና ብቻ አምጣ አለኝ። ጎድጓዳዋ ያለችው አስተማሪዬ ጋሽ በየነ ጋ ነው። ጥርሳቸው ከረገፈ ወዲህ ትራምፔታቸውን ሸጠውታል፤ ማውዝፒሷን ግን አልሸጧትም። ጠዋት ጠዋት ብቻዋን ይነፏታል። ስለምናቸው ሳያቅማሙ ሰጡኝ።

ዛሬ ልወስድ ሄድኩ። ጀማል መጀመሪያ አዲሱን አቀበለኝ፣ ቀጥሎ የጋሽ በየነን። ከላይ እስከ ታች በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቋታል።

«ውስጧን ሳላይ ልኩን ከየት ላምጣ?» አለኝ። እውነቱን ነው የገረመው። የሰው ዕቃ መሆኗን አልነገርኩትም።

ቤት ገብቼ አዲሱን ሞከርኩት። ድምፁ ሞላ ያለ፣ ለስላሳ ነው። መሪው የፈለገው ይኼንኑ ነው። አንድ ኖታ ነፋሁና አስቀመጥኩት።

አመሻሽ ላይ ጋሽ በየነ ደወሉ።

«እንዴት ነው፣ ድምፁ መጣልህ?»

«መጥቷል ጋሼ።»

«ጎሽ። በል እሁድ ይዘሃት ና። አፌ ቦዘነብኝ።»

አዲሱን ልሰጣቸው አሰብኩ። ከንፈራቸው እንደነካው የእሳቸው አለመሆኑን ያውቃሉ።

አመጣታለሁ አልኳቸው።