ኮትህን ልኬልሃለሁ

ውድ አባዬ፣

«ለጤናህ እንደምን አለህ?» ብዬ ልጀምር ነበር። ሰው ሁሉ ደብዳቤውን በዚህ ይጀምራል፤ መልሱን ግን ከልቡ የሚጠብቅ የለም። እኔ የምጠብቀው እሱኑ ስለሆነ እጄ ተያዘ። እግርህ እንዴት ነው? የግራው። በቃ፣ ጠየቅኩ።

ኮትህን ምስማሩ ላይ ትተኸው ሄደሃል። ወንድምህ ቤት በሹራብ ስትገባ ሳስብህ ሌላ ሰው የሄደ ይመስለኛል። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው ኮቱን ነው። ውስጡ እንዳለህ ሁሉ ትከሻው ቀጥ ብሏል። አንዳንዴ ጀርባውን የሰጠኝ ይመስለኛል። ኮት ጀርባ እንደማይሰጥ አውቃለሁ። ቢሆንም ተነስቼ አስተካክለዋለሁ።

ስትሄድ የተናገርከኝ አንዲት ቃል ናት፤ «ገመናዬን…» አልክና በሩን ዘጋህ። ከዚያ ወዲህ ስጨርስልህ ነው የከረምኩት። ገመናዬን አወጣሽ። ገመናዬን አደባባይ አሰጣሽ። የትኛውን ልትል ነበር?

ሰፈሩ «ሚኒስትሩ» ሲልህ እንደምትወደው አውቃለሁ። ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆሞ «ክቡር ሚኒስትር፣ ዛሬም ስብሰባ ነው?» ሲልህ፣ «አዎ፣ ያንተን ደሞዝ ልንቀንስ ነው» ትለውና ኮትህን ቆልፈህ ታልፋለህ። ያ ኮት ከውጭ ሲያልቅ ራስህ ፈትተህ፣ የውስጡን ገጽ ወደ ውጭ ገልብጠህ እንደሰፋኸው ማንም አያውቅም። የደረት ኪሱ በቀኝ በኩል የዋለው ለዚያ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ነገር የሚያየው የልብስ ሰፊ ዓይን ብቻ ነው፤ የልብስ ሰፊ ልጅም ዓይን።

ልባሽ ጨርቅ በየመንገዱ መቸርቸር ከጀመረ ወዲህ ሱፍ የሚያሰፋ ጠፋ። ዚፕ መቀየርና ሱሪ ማሳጠር ቀረልህ። የጤና መድኑን መዋጮ ያቋረጥከው ያኔ ነው። የስኳርህን ኪኒን ደግሞ አንድ ቀን ትውጣለህ፣ አንድ ቀን ታልፋለህ። «ስኳሩም ትንሽ ይረፍ እንጂ!» ትለኛለህ። ቀልድ ነበር፤ እኔም እስቅልህ ነበር።

ክዳኑስ? ምድጃው ባልተለኮሰበት ቀን እንኳ ምሳ ሰዓት ሲደርስ «ክዳኑን አንኳኪው» ትለኛለህ። ባዶ ድስት ላይ ክዳን አንኳኳለሁ፣ ጎረቤት እንዲሰማ። አንተ ጋዜጣህን እንደያዝክ፣ «ቀስ፣ ደግሞ ሠርግ ያለብን እንዳይመስላቸው» ትላለህ።

ከዚያ ካልሲህን ራስህ ማጠብ ጀመርክ። ውጭ ገመዱ ላይ አይደለም የምታሰጣው፣ ከስፌት መኪናው ጀርባ ነው። አንድ ቀን የግራውን አነሳሁት። ታጥቦም ጣቱ ላይ ያለው የደም ነጥብ አለቀቀም። ስጠይቅህ «አያመኝም እኮ!» ብለህ ልታረጋጋኝ ሞከርክ። ብቻዬን ጤና ጣቢያ ሄጄ ለነርሷ ነገርኳት።

«ቢያመውማ ራሱ ይመጣ ነበር» አለች። «ስኳር ያለበት ሰው ላይ የሚያስፈራው የማያም ቁስል ነው። ሆስፒታል ሐኪም ይየው። ከዘገየ እግሩን ያጣል፤ ከባሰም ነፍሱን።»

ሆስፒታል። ከመድን ውጭ ለእኛ ዓይነቱ የሚቀመስ አይደለም። ቤት ስመለስ የስፌት መኪናውን በዚያው እግርህ እየረገጥክ ታፏጭ ነበር።

ስብሰባው የመጣው በዚያ ሳምንት ነው። መዋጮ መክፈል የማይችል ሰው በነጻ የመድን አባል ይሆናል፤ ግን አለመቻሉን ጎረቤቶቹ ተሰብስበው መመስከር አለባቸው። ስም ይነሳል፣ ሰው ይናገራል፣ እጅ ይወጣል። አንተን ደግሞ ሰፈሩ ዳኛ አድርጎ መርጦሃል። መቼም ከሚኒስትር የተሻለ ዳኛ ከየት ይመጣል?

የልጆች መማሪያ ክፍል ውስጥ ጉልበታችን አገጫችን ጋ ደርሶ ተቀምጠናል። አንተ ፊት ለፊት፣ ከመድን ሠራተኛዋ ጎን። የእንቁላል ሻጯ ጎረቤታችን ስም ሲነሳ አንገቷን ደፋች። «እኔ ለማኝ አይደለሁም» አለች፣ ለራሷ ያህል።

ተነሳህ። «ቀና በይ እህቴ» አልካት። «ይሄ ምጽዋት አይደለም። ጤነኛው ለታመመው፣ ያለው ለሌለው ያዋጣው ነው። ነገ ሲኖርሽ አንቺም ታዋጪያለሽ። ልመና ቢሆንማ ኖሮ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?»

ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። አንዱ እጄ ከጭብጨባው አልወረደም፤ ወደ ላይ ሄደ። አስቤበት ይሁን አላውቅም። እስካሁን እጄን እያየሁ እጠይቀዋለሁ።

«አንድ ሰው ቀርቷል» አልኩ።

«ማን?» አለች ሠራተኛዋ።

«አባቴ።»

«አባትሽ የትኛው ናቸው?»

በአገጬ አመለከትኩህ። ፀጉር አስተካካዩ ከኋላ ፈነዳ፦ «ሚኒስትሩ! ኧረ እሳቸው ድሃ ከሆኑ እኛማ ተቀብረናል! ኮታቸውን አላየሽም እንዴ?» ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አንተም ሳቅህ። ከሁሉ እሱ ነው የማይረሳኝ። «ልጄ ጨዋታ ትወዳለች» አልክ።

ካልሲውን ልናገር ነበር። ነጥቡን፣ ኪኒኑን፣ የነርሷን ቃል። ሁሉም ምላሴ ላይ ነበሩ። ፊትህን አየሁና ተውኩት። እንደቆምኩ ቀረሁ፤ መቀመጥም አቃተኝ።

ያኔ እንቁላል ሻጯ ተነሳች። «ግድግዳችን አንድ ነው» አለች። «በምሳ ሰዓት ክዳን ሲንኳኳ በየቀኑ እሰማለሁ። ሽታ ግን መጥቶልኝ አያውቅም። ሽታ የሌለው ምሳ ምን ዓይነት ምሳ ነው?» አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ቆመ። «ዝም ያልኩት ጋሼን ስለማከብር ነው። አሁንም ስለማከብራቸው ነው የተናገርኩት።»

ፀጉር አስተካካዩ ወለሉን ያይ ጀመር። ሠራተኛዋ ወደ አንተ ዞረች፤ ድምፅ የምታሰጠው አንተ ነሃ። ተነሳህ። ለሌሎቹ በጠየቅክበት በዚያው ድምፅ፣ ሳይወፍር ሳይቀጥን፣ «የምትደግፉ እጃችሁን አንሱ» አልክ። ሁሉም አነሱ። አየሃቸው። ኮትህን ቆለፍክና «የሚቀጥለው ማነው?» አልክ።

አባዬ፣ ሰው ሲጀግን ብዙ አይቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን አንተን አየሁ።

በማግስቱ ወንድምህ ቤት ሄድክ።

ይቅርታ አልልህም። ልጽፈው ሞክሬ ነበር፤ ውሸት ሆነብኝ። እንደገና ቢሆንም እጄ የሚወጣ ይመስለኛል። ግን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር አለ። ሀብታም ሲታመም ሰፈር ተሰብስቦ እጅ አያወጣበትም። ድሃ ለመታከም መጀመሪያ ሰው ፊት መራቆት አለበት? ይህንኑ ሠራተኛዋን ጠየቅኳት። «ሁሉንም ማሳከም እስክንችል ድረስ ማን ይቅደም የሚለውን አንድ ሰው መመለስ አለበት» አለችኝ። «እኔ ቢሮ ተቀምጬ ብመልሰው ይሻላል?» አላውቅም አልኳት። እሷም አላውቅም አለች። ሁለታችንም እውነታችንን ነበር።

ለአባልነት ካርዱ ፎቶ ሲያስፈልግ የወሰድኩት ያለህን ብቸኛ ፎቶ ነው። በኮት የተነሳኸውን። ሠራተኛዋ አይታ፣ «ይሄ እኮ የባለሥልጣን ፎቶ ነው!» አለች። «የእኛ ድሃ እንዲህ ነው የሚለብሰው» አልኳት። ሳቀችና ለጠፈችው።

ፀጉር አስተካካዩ «ደሞዜን እንዳሻው ይቀንሰው፣ ብቻ ይምጣ በዪልኝ» ብሏል። ይህን ሲለኝ ዓይኔን አላየም።

ክዳኑን አሁን አላንኳኳም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ የሚንኳኳው ግድግዳው ነው፤ እንቁላል ሻጯ ናት። መልሼ አንኳኳለሁ። አንዳንዴ አብረን እንበላለን፣ አንዳንዴ ሁለታችንም ጋ የሚበላ አይኖርም፤ ያኔም ታንኳኳለች።

ኮትህን በአውቶብሱ ሹፌር እጅ ልኬልሃለሁ። ምስማሩ ባዶውን ይቀራል፤ ባላየው ይሻለኛል። ካርዱ የደረት ኪሱ ውስጥ ነው፤ እኔና አንተ ብቻ በምናውቀው በቀኝ በኩል ባለው። እዚያ ያለው ሆስፒታል እንደሚቀበለው አረጋግጫለሁ። ያልከውን አስታውስ፤ ምጽዋት አይደለም። ስትሠራ አዋጥተሃል፤ ያን ጊዜ ሌላ ሰው ታክሞበታል። የታወቀውን ተረት አልተርትብህም፤ በሽታውን ስለደበቀ ሰው የሚለውን። አንተው ነህ ያስተማርከኝ።

እኔን ሳታናግረኝ ብትከርም እችለዋለሁ። ሰው አኩርፎም ይኖራል። መኖር ግን አለበት።

ነገ ጠዋት ኮትህን ለብሰህ ሆስፒታል ሂድ። ቁልፎቹን ቆልፍ። በሩ ላይ ዘበኛው ባለሥልጣን መጣ ብሎ ቢነሳልህ ተወው፣ ይነሳልህ። ሐኪም ፊት ስትደርስ ግን ጫማህን አውልቅ።

የግራውን።

ክዳን አንኳኪዋ ልጅህ