በአልትራሳውንድ ግምት ስለተፈረደባት ልጄ

ቀን፦ የካቲት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዞኑ ጤና መምሪያ ኃላፊ
ደብረ ማርቆስ

ጉዳዩ፦ በሕይወት ተወልዳ «ውርጃ» ተብላ የተመዘገበች ልጄ መዝገብ እንዲታረምልኝ ስለመጠየቅ

አመልካች በቢቸና ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ስሆን፣ የደረሰብኝን በደል በአክብሮት አቀርባለሁ።

1. ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ቢቸና ውስጥ በአልትራሳውንድ ታይቼ የፅንሱ ክብደት 900 ግራም ገደማ እንደሆነ ተጽፎ ተሰጠኝ።

2. ከሃያ ሦስት ቀን በኋላ እናቴን ወ/ሮ ፈንታዬን ልጠይቅ ሞጣ ሄጄ ሳለ የእንሽርት ውሃዬ ፈሰሰ። ስሙ በአባሪው ወደሰፈረው የጤና ተቋም ወሰዱኝ። አዋላጇ ሲስተር አስናቀች ወረቀቱን አይተው «ከአንድ ኪሎ በታች ነው፤ እንደ ውርጃ ነው የሚታየው» አሉ። ወረቀቱ የቆየ መሆኑን፣ ስምንተኛ ወሬን መያዜን በምጥ መሃል ነገርኳቸው። «እሺ፣ አሁን ግፊ» ነው ያሉኝ።

3. ልጄ አልቅሳ ተወለደች። ድምጿን ሰምቻለሁ። ሳያሳዩኝ በጨርቅ ጠቅልለው ከማዋለጃ ክፍሉ ቀጥሎ ባለች ጠባብ ክፍል፣ የብረት ጠረጴዛ ላይ አኖሯት። ኦክስጅን አልተደረገላትም፤ ደረቴ ላይም አላስታቀፉኝም። እናቴ «ኧረ ትተነፍሳለች!» እያሉ ሲጮኹ «እማማ፣ ይቺ የምትቆይ አይደለችም፤ ቢወጡ ይሻላል» ተባሉ።

4. እንዲህ እንደተጣለች አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ተነፈሰች። በመጨረሻ እናቴ ራሳቸው አንስተው ሚዛን ላይ አስቀመጧት። 1,450 ግራም ነበረች። ያኔ ሲስተር አስናቀች ኦክስጅን ሊያመጡ ሮጡ። ሲመለሱ ልጄ በእናቴ እጅ ላይ ቀዝቅዛለች።

5. ሚዛኑን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች በመዝገቡ ላይ «ውርጃ፣ 900 ግራም» ብለው ጻፉ። የአልትራሳውንዱ ግምት በተሰጠበት ቀን ልክ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ አልከራከርም። ልጄ ግን ከዚያ ወዲህ ሃያ ሦስት ቀን አድጋለች።

6. በዚህ መዝገብ የተነሳ ቀበሌው የልደትም የሞትም ማስረጃ ከለከለኝ። የወሊድ ፈቃድ አይገባሽም ተብዬ በአሥራ አምስተኛው ቀን ሥራ ገባሁ። ወተቱ ቀሚሴን ሲያርሰው፣ ደብተር ደረቴ ላይ ይዤ የሦስተኛ ክፍል ልጆችን አስተምሬያለሁ። የተቋሙ ኃላፊ ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በሦስተኛው «ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ። ለአንድ ሰዓት ልጅ ተብሎ መዝገብ አይሰረዝም» ብለው አሰናበቱኝ።

ስለዚህ ልጄ በሕይወት መወለዷ፣ ትክክለኛ ክብደቷና የኖረችበት ጊዜ በመዝገቡ እንዲሰፍር፤ ወደፊትም የተወለደ ሕፃን ከመወለዱ በፊት በተገመተለት ክብደት ሳይሆን በሚዛንና በትንፋሹ እንዲታይ ለተቋሙ ትእዛዝ እንዲሰጥልኝ እጠይቃለሁ።

ውሳኔው እንዲፈጥንልኝ የምለምነው ስለ ሟቿ ብቻ አይደለም። አሁን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ባለፈው ሳምንት አልትራሳውንድ ታይቼ ቁጥሩን ሲነግሩኝ ጆሮዬን ደፈንኩ፤ ወረቀቱንም መንገድ ላይ ቀደድኩት። ባለቤቴ ቢያድግልኝ «ሲጠይቁሽ ምን ልትዪ ነው?» ብሎ ተቆጣኝ። ይጠይቁኝ። ምጤ ሲመጣ ባዶ እጄን ነው የምገባው፤ የሚያዩት ልጁን ብቻ እንዲሆን።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ብሩክታይት ዘመነ
(ፊርማ)