እናቴ ከጎን ስትታይ

ጥቅምት 3

ሥራ እንደ ወትሮው። ከወንዙ የመጡትን የውሃ ናሙናዎች መርምሬ ውጤቱን አስረከብኩ። ከሰዓት በኋላ ቤት ገብቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ብሩሽ ሳላነሣ ሸራው ፊት በዝምታ ተቀመጥኩ። ዝምታውን ያገኘሁት ከቤተ መጻሕፍት ከተዋስኩት መጽሐፍ ነው፤ የሩቅ ምሥራቅ መነኮሳት ከመሣላቸው በፊት ትንፋሻቸውን ያዳምጣሉ ይላል። ከዝምታው በኋላ የማደርሰው ጸሎት ግን አባባ በልጅነቴ ያስጠኑኝ ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም። ከዚህ ክፍል ውጭስ?...

እማዬን ሥዬ ጨረስኳት። ስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ፣ በመስኮቱ ብርሃን።

ጥቅምት 5

የሥዕል አዳራሹ ኃላፊ መጥታ አየችው።

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ይኼ ማንም የሚባል መምህር የት ነው የሚገኘው? እኔም ልመዝገብ።»

መግቢያው ፊት ለፊት ልትሰቅለው ነው። ጥግ ላይ ቢሆን እንደሚሻል ነገርኳት። «ምነው፣ ሰርቀሽ ነው?» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። የእማዬን ዓይን ትልቀት የወሰድኩት ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ፣ ጠርዙን ከጎረቤቴ ከምንጣፍ ሻጩ የመስገጃ ጥለት፣ ከራሷ ጀርባ ያለውን ክብ ከመነኮሳቱ መጽሐፍ ነው። አንድ ሰው ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ቢያነብበውስ? ያ ሰው አባባ ቢሆኑስ?

ጥቅምት 8፣ እሑድ

የፈራሁት ደረሰ። አባባ ቤት ምሳ ላይ ታናሽ ወንድሜ አፉን ከፈተ።

«አባባ፣ እትዬ እኮ ሠዓሊ ሆናለች! አዳራሽ ሙሉ ሰው ሊያይላት ነው።»

በጠረጴዛው ሥር እግሩን መታሁት። ዘገየሁ።

«ምንድን ነው የምትሥዪው?»

«ሰው።»

«ማንን?»

«…እማዬን።»

ዕድሜያቸውን በቤተ መቅደስ አገልግሎት የጨረሱ ሰው ናቸው። ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ሰው ሳያያት በፊት መጥቼ አያታለሁ» አሉ። ሥዕሉን አላሉም።

ደረጃው ላይ ወንድሜ፣ «ሰው ገድላለች ያልኩ አስመሰልሽው እኮ!» አለኝ። እሱ የአጎታችንን ነገር አያስታውስም፤ ሕፃን ነበር። አጎታችን እዚያው ማዕድ ላይ ስለ ሃይማኖት አንዲት ቃል ተናገሩ። አጎታችን እስኪሞቱ ድረስ አባባ ታላቅ ወንድማቸውን አላነጋገሩም። ቀብራቸው ላይ እንኳ አባባ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ነው የቆሙት። እጃቸውን ይዤ ስለነበር አውቃለሁ።

እማዬ ከሞተች ወዲህ ለእኔ የቀረ ወላጅ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ጥቅምት 11

ጠርዙን በሌላ ቀለም ልሸፍነው? በጠበጥኩ። መልሼ ደፋሁት።

ጥቅምት 13

ምንጣፍ ሻጩ ሱቅ ገባሁ። ጥለቱን መውሰዴ ቅር ይላቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ልጄ፣ እኔም ከአባቴ ነው ያየሁት፤ አባቴም ከማን እንዳየው አልነገረኝም። የት አደረግሽው?»

«ከእናቴ ራስ በላይ።»

«ታዲያ ምን ያስፈራሻል?»

«አባቴ።»

ሊስቁ ጀምረው ተዉት። «እሱስ ያስፈራል» አሉኝ።

ጥቅምት 15፣ እሑድ

አባባ መጡ። ደረጃው ላይ ሁለቴ አረፉ። ለመመረቂያ ጽሑፌ እንኳ እንዲህ አልተዘጋጀሁም ነበር፤ ለጠርዙም፣ ለክቡም፣ ለዝምታውም መልስ ነበረኝ።

መነጽራቸውን አደረጉ። ጠርዙን አላዩም። ክቡን አላዩም።

«ሌላኛው ዓይኗ የት አለ?»

«ከጎን ስለሆነች ነው፣ አባባ። አይታይም እንጂ አለ።»

«በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን ነው?»

አውቃለሁ፤ ማንበብ ሳልችል ጀምሮ አውቃለሁ። በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ጻድቃን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ያያሉ። አጋንንትና ከዳተኞች ከጎን፣ በአንድ ዓይን። አቅፈው ያሳዩኝ አባባ ራሳቸው ናቸው። ይህን እንዴት ረሳሁ?

«እናትሽን ከእነማን ጋር ደመርሻት?» አሉኝ። ቢጮሁ ይሻል ነበር። ያቀረብኩላቸውን ውሃ ሳይነኩ ወጡ።

ጥቅምት 17

ስልክ አያነሡም። አጎታችንንም እንዲህ ነበር የጀመሯቸው… በዝምታ።

ወንድሜ ደወለ። «እትዬ፣ አንድ ዓይን ጨምሪላትና ይለቅ! አዝራር ከመትከል ይከብዳል እንዴ?»

ወረቀት ላይ ሞከርኩ። ፊት ለፊት ሳደርጋት የማላውቃት ሴት ትወጣለች። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አሁንም ሌላ ሴት። ከዚያ ገባኝ። የቤት ሥራዬን የምሠራው ከስፌት መኪናዋ ጎን ተቀምጬ ነበር። ስትመክረኝም ስትቆጣኝም ዓይኗን ከመርፌው አታነሣም። ነገሥታትንም አፍቃሪዎችንም ከጎን የሚሥሉ የሌላ አገር ሠዓሊዎችን በመጽሐፍ አይቼ ድፍረት አገኘሁ እንጂ፣ መልኩስ የራሴ ነው።

ይህን ማን ያስረዳልኝ? ያምኑኛል?

ጥቅምት 19

ለአዳራሹ ኃላፊ ሥዕሉን እንደማልሰጥ ነገርኳት። «ስምሽን በር ላይ ለጥፌ? አብደሻል?» አለችኝ። ሊሆን ይችላል።

ከዚያ አባባ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፈቱ፤ ግቢ ግን አላሉኝም።

«ከጎኗ ተቀምጬ ነው ያደግኩት፣ አባባ። ከፊት አላውቃትም።»

እጃቸው መዝጊያው ላይ ነበር። ሊዘጉት ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«ከፊቷ ማንን አደረግሽ?»

«ማንንም። ባዶ ነው።»

«እዚያ ጋ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ» አሉ። «መጽሐፌን ይዤ። ክር ሲበጠስባት ቀና ትልና ታየኛለች።» እጃቸውን ከመዝጊያው አነሡ። «ሣዪኝ። እዚያው ቦታዬ ላይ።»

«እዚያ ከሆኑ እርስዎም ከጎን ነው የሚታዩት። በአንድ ዓይን…»

«አውቃለሁ።»

ጥቅምት 22፣ እሑድ

አዳራሹ ትናንት ተከፍቷል። ኃላፊዋ፣ ሰው መግቢያው ላይ ባዶውን ግድግዳ እያደነቀ እንደሚያልፍ ነገረችኝ፤ አባባን እስክጨምርበት እስከ ሳምንት ታግሣኛለች።

አባባ ጠዋት መጡ። ወንበሩን ራሳቸው ወደ መስኮቱ አዞሩት። ስለ ጠርዙ አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ፦ «ይኼን የምንጣፍ ነገር ሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን።» እንነጋገርበታለን ነው ያሉት! ወንድሜ ሰምቶ ቢሆን ያጨበጭብ ነበር።

በአንድ ዓይን መሣሉ ለእሳቸው ጨዋታ አይደለም። በዚያ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሕግ ያምናሉ፤ ሲያምኑበት ኖረዋል። ያ ሕግ እውነት ከሆነ ዛሬ የተቀመጡት ከእነማን ጋር እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። እስከ ዛሬ የምፈራው እሳቸውን ነበር። ዛሬ ለእሳቸው ፈራሁ፤ ይኼኛው ይከብዳል።

ግንባራቸውንና አፍንጫቸውን አወጣሁ። ዓይናቸው ጋ ስደርስ ቆምኩ። አገጫቸው ይንቀጠቀጣል። አይንቀሳቀሱ ልበላቸው? አላልኩም።

«ፈራሽ?» አሉኝ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«አዎ፣ አባባ።»

«እኔም ፈርቻለሁ። ቀጥዪ።»