በስንዝርህ የለካኸው መንገድ

ውድ ባለቤቴ ተሰማ፤

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። ኮልፌ እንደምታውቃት ጭቃ ብቻ ናት፤ ሰይቼንቶ ታክሲ እንኳ እስከ በራችን አይደፍርም። የስፌት መኪናህን ጨርቅ አልብሼ ከመስኮቱ ሥር አስቀምጫታለሁ። ቤቱ ጭር ብሏል። ሬዲዮኑን የምከፍተው የሰው ድምፅ ልስማ ብዬ ነው።

የዓለም ካርታው አሁንም ግድግዳው ላይ ነው። ልጃችን ግርማ ለትምህርት ፍራንክፈርት ሲሄድ፣ ልብስ ሰፊ አይደለህ፣ መንገዱን በስንዝርህ ለካኸው፤ አውራ ጣትህ አዲስ አበባ፣ ትንሿ ጣትህ ፍራንክፈርት ላይ። አንድ ስንዝር ሁለት ሌሊት ነው ብለህ ደመደምክ። እውነትም ያኔ ከልደታ የተነሳው አውሮፕላን ካርቱም አንድ፣ አቴና አንድ ሌሊት አድሮ ነበር ያደረሰው።

አንተ ስታርፍ የእድራችን ሽማግሌዎች መርዶ በደብዳቤ አይላክም፣ ሲመጣ በወግ እንነግረዋለን አሉ። እሺ አልኩ። ልጅህ ላንተ መጻፉን አላቋረጠም። እኔም አባትህን ዓይኑን እያመመው ነው እያልኩ እመልስለት ነበር። ደብዳቤውን ለፎቶግራፍህ አነብብና ብቻዬን አለቅሳለሁ። እንዲህ ያለውን ብቸኝነት ለጠላቴም አይስጠው።

በዚህ ሐምሌ ለዕረፍት እንደሚመጣና ዓርብ ማታ እንደሚሳፈር ቴሌግራም ላከ። ባንተው ልክ ቆጠርኩና እሑድ ይገባል አልኩ። ሽማግሌዎቹም ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሊመጡ ተስማማን። አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ቦሌ ስቀበለው ከል እንዳያይብኝ፣ አንተ የሰፋህልኝን አበባማ ቀሚስ ተኩሼ ምስማር ላይ ሰቀልኩት።

ለካስ አሁን ጄት የሚሉት መጥቷል፤ አንድ ሌሊት ብቻ! ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጥቁሬን ለብሼ በረንዳ ላይ ጎመን ስቀነጥስ፣ ግርማ ሻንጣውን ተሸክሞ በሩ ላይ ቆመ።

ቀሚሴን አየ። ባዶውን ወንበርህን አየ። ሻንጣውን አስቀመጠ። አጠገቤ ቁጭ ብሎ ጎመኑን አብሮኝ ይቀነጥስ ጀመር። ምነው ባለቀሰ ብዬ ተመኘሁ። እስከ እሑድ ማታ ዓይኑ እንደ ደረቀ ነው።

እንግዲህ አውቋል፣ አትድከሙ ብዬ ወደ ሽማግሌዎቹ ላክሁ። ከእነሱ አንዱ፣ ጨርቅ ይሸጡልህ የነበሩት ጋሽ ወልዴ ግን፣ ልጁ ራሱ ማወቁና በወግ መነገሩ ለየቅል ነው ብለው አሻፈረኝ አሉ። ሰኞ ገና ሳይነጋጋ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ግርማ ምንም እንዳልሰማ ሰው ተነስቶ ቆመ። አባትህ አርፏል ሲሉት እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እኔም አቅፌው ጮህኩ። ካረፍክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ሳልሆን አለቀስኩልህ።

ዕረፍቱን ጨርሶ ትናንት ሄደ። ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል። ሊወጣ ሲል ካርታው ፊት ቆሞ እጁን ዘረጋ፤ አውራ ጣቱ አዲስ አበባ፣ ትንሿ ጣቱ ፍራንክፈርት። ልክ እንዳንተ ደረሰ። የኔ ስንዝር ባሕሩ ላይ ነው የሚቀረው፤ ስንት ጊዜ ሞክሬዋለሁ መሰለህ።

ዛሬ ቤቱ እንደገና ጭር ብሏል። እኔም ግድግዳውን ስወለውል ዋልኩ። ካርታው ላይ፣ አዲስ አበባ ጋ፣ የአውራ ጣትህ ወዝ አለ። እሷን ሳልነካ አለፍኩ። በሕይወት እስካለሁም አልነካትም።

ያንተው በላይነሽ