ከሻሌ ሥር የሰጠሁት እጅ

ሞያሌ፣ ኬንያ
ሐሙስ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለኑርሀን፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የናይሮቢ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽ ሳጂዳም ደህና ናት። ከሰኞ ጀምሮ ሻይ ስታቀርብልኝ ካልሆነ በቀር አታናግረኝም ነበር፤ ትናንት ግን ታርቀናል። የምጽፍልሽ ለምን እንደተጣላን ልነግርሽ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ መሃል ላይ ትስቂና ወሬዬን ታበላሺብኛለሽ።

ባለፈው አርብ ደውለሽ ያልሽኝን አልረሳሁም። የሒሳብ ድርጅቱ ለልምምድ ተቀብሎሻል። ናይሮቢ ካለው ዋና መሥሪያ ቤትና እዚህ ሞያሌ ከከፈተው ቅርንጫፍ አንዱን መርጠሽ እስከ መጪው ሳምንት አርብ መልስ ትሰጫለሽ። «አባ፣ አንተ ምን ትላለህ?» ስትዪኝ «የፈለግሽውን ምረጪ» አልኩሽ። ስልኩን እንደዘጋሁ እናትሽ «ውሸታም!» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሰኞ ጠዋት ቢሮውን ለማየት ሄድኩ። ቦዳቦዳ ሞተር አልያዝኩም፤ ከደጃችን ስንት ደቂቃ እንደሚያስኬድ ማወቅ ፈልጌ በእግሬ ሄድኩ። በእኔ ጉልበት አሥራ አራት ደቂቃ ነው፣ በአንቺ አሥርም አይሞላም። ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው። ስንት ጊዜ በሥሩ ሳልፍ ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም።

ጆይስ የምትባል ሠራተኛ «ካሪቡ፣ ምዜ!»፣ ግቡ አባቴ ብላ ወንበር ሰጠችኝ። ደንበኛ መስዬያት ወረቀቶቼን ስትጠይቀኝ «እኔ ያለኝ ወረቀት አንዲት ልጅ ናት» አልኳት። ስትስቅ ደስ ትላለች። የሜሩ ልጅ ናት፣ ልምምዷን የጨረሰችው ናይሮቢ ነው፣ ስለዚህ የሁለቱንም ቤት ታውቃለች። አስጨንቄ ጠየቅኳት። ናይሮቢ እያለች የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ የባንክ ወረቀት ብቻ ስታመሳክር ከረመች፤ የአንድ ባለንብረት ፊት እንኳ አላየችም። እዚህ በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ጎዶማ ወስደዋት እህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ ስትቆጥር ዋለች፤ የዚያን ነጋዴ ሒሳብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የያዘችውም እሷው ነበረች። በሌላ በኩል ደግሞ ናይሮቢ ከአሥራ አንድ ጓደኞቿ ጋር ለሒሳብ ሙያው ፈተና ታጠና ነበር፤ ያልገባትን የሚያስረዳት አታጣም። እዚህ የሚፈተን ሰው ብቻውን አጥንቶ፣ ብቻውን አውቶቡስ ተሳፍሮ ናይሮቢ ይወርዳል። ይህን ልደብቅሽ አስቤ ነበር።

ቢሮው አምስት ሰው ነው ያለው። ስድስተኛው ጠረጴዛ ባዶ ነው፣ መስኮቱ ሥር። ከዚያ ሆኖ ወደ ሰፈራችን የሚወስደው መንገድ እስከ መስጊዱ ድረስ ይታያል። ጥሩ መስኮት ነው።

ከዚያ ኃላፊው ዋቆ ወጣ። የጎዶማ ሰው ነው፤ አባቱ ከብት ነጋዴ ስለነበሩ አውቃቸዋለሁ። ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በስዋሂሊ ስናወራ ቆየንና «ተለማማጅ ስንት ዓመት ትይዛላችሁ?» አልኩት። ሳቅ አለና እጁን ዘረጋልኝ።

የኛን ገበያ ታውቂዋለሽ። ልጅ ሆነሽ ስወስድሽ «አባ፣ ከጨርቁ ሥር ምን ደብቃችሁ ነው?» ትዪኝ ነበር። የደበቅነው ዋጋ ነው። ዙሪያውን የቆመው ሰው እንዳይሰማ ገዢና ሻጭ ከሻል ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው በጣት ይነጋገራሉ፤ «አላህ ይባርክ» ከተባለ አለቀ። በሠላሳ ዓመት የደላላነት ሥራዬ የሰጠሁትን እጅ መልሼ አላውቅም።

ወላሂ ኑሪ፣ እጄ ከእኔ ቀደመ። ሻሌን እጁ ላይ ጣል አደረግኩት። ዋቆም የአባቱ ልጅ ነው፣ ሦስት ጣቴን ያዘ። ሦስት ዓመት እዚህ ትለማመድ ማለቱ ነው። እኔ ሁለት ያዝኩ። አሰብ አደረገና እሱም ሁለት ያዘ። «አላህ ይባርክ!» አልኩ። ጆይስ የታመምኩ መስሏት ውኃ ይዛ መጣች።

ቤቴ የገባሁት እያፏጨሁ ነው። ለእናትሽ ስነግራት የያዘችውን ሳህን አስቀመጠችና «ጊደር ነው የሸጥከው?» አለችኝ።

«ለእሷው ብዬ ነው» አልኳት።

«ልጅቷ አፍ የላትም? እጅ የላትም?» አለችና ኩርፊያው ተጀመረ።

ማክሰኞ እንደተቆጣሁ ገበያ ወጣሁ። አንዲት ቀይ ጊደር አሻሽጥ ነበር። ገዢውና ባለቤቷ በጀርባዋ ላይ እጅ ተያይዘው ይከራከራሉ፣ እሷ እያመነዠከች እኔን ታያለች። መጀመሪያ የእናትሽ ነገር ትዝ ብሎኝ ሳቅኩ። ቆይቼ ግን አፈርኩ። ያቺን ጊደር የጠየቃት የለም፣ አንቺንም የጠየቀሽ የለም።

ትናንት ደላላ ጓደኛዬን ነጅመዲንን ይዤ ወደ ቢሮው ተመለስኩ። እጁን የሚመልስ ሰው ምስክር ባለበት ነው የሚመልሰው፤ ለተሰበሰበውም ሻይ ይጋብዛል። ለቢሮው ሰው ሁሉ ሻይ አስመጣሁ፣ ነጅመዲን ሁለት ጠጣ። አንድ ወር ሙሉ ገበያ ላይ ሲያወራብኝ እንደሚከርም አውቃለሁ። ዋቆን «ወንድሜ፣ ያልተሰጠኝን ነው የሰጠሁህ» አልኩት።

እሱ ግን ነገሩን እንደ ቀልድ አልወሰደውም ነበር። «አባ ኑርሀን፣ ልጅቷ የእኛ ናት ብዬ ዛሬ ከሰዓት ለናይሮቢ ልጽፍላቸው ነበር እኮ» አለኝ። አስቢው፣ የናይሮቢው ቦታሽ በእኔ ጣት ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነበር። አልጻፈም፣ አልሐምዱሊላህ። ከሻሉ ሥር እጄን ሰጠሁትና ሁለታችንም ጣቶቻችንን ዘርግተን ለቀቅን። «ሀኩና ሺዳ» አለኝ፤ «ችግር የለም። ሁለቱም ቦታ የእሷ ነው። እስከ መጪው ሳምንት አርብ እንጠብቃለን።»

ስለዚህ አሁን ነፃ ነሽ። ምን እንደምፈልግ ከጠየቅሽኝ ግን በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ውሸት አልጨምርም፤ አመሻሽ ላይ የግቢውን በር ስትከፍቺ መስማት እፈልጋለሁ። ከሄድሽ አምስት ዓመት ሆነሽ። ግን ደግሞ ፈተናሽ ሲከብድሽ እኔ ምን ላስረዳሽ እችላለሁ? የኔ ሒሳብ ከአሥር ጣት አያልፍም። አሥራ አንድ ጓደኛ ቀላል ነገር አይደለም፣ ኑሪ። የሁለቱንም ቤት ነገር በቅንነት ጽፌልሻለሁ። እናትሽ ደብዳቤውን አስነብባኝ «አባትሽ ስለ መስኮቱ የጻፈውን በግማሽ ቀንሰሽ እመኚው» በላት ብላኛለች።

እሷ ያደረቀችውን የግመል ሥጋ በሹፌሩ በሰሊም አውቶቡስ ልከንልሻል፣ ቅዳሜ ጠዋት ሄደሽ ተቀበዪው። ከላዩ ያደረግኩት ሻሌ ነው። ናይሮቢ በዚህ ወር ይበርዳል፣ ልበሺው። ደግሞ እሱ ትከሻዬ ላይ እያለ እስከ አርብ ራሴን አላምነውም። ናይሮቢን ከመረጥሽ ሻሉ ያንቺ ነው፣ እኔ ሌላ እገዛለሁ። ሞያሌን ከመረጥሽ ግን በሰው እንዳትልኪው፣ ለብሰሽው ነይ።

አላህ የመረጥሽውን ኸይር ያድርግልሽ። ከክፉ ዓይን ይጠብቅሽ፣ እጅሽ የያዘውን ይባርክልሽ፣ በሰላም ያገናኘን። አሚን በዪ።

የሚወድሽ አባትሽ
ሙከሚል

ሳልረሳው፦ እስከዚያ ድረስ በነጅመዲን ሻል ነው የምሠራው። አጭር ነው፤ ስንት ጣት እንደያዝኩ ገበያው ሁሉ እያየብኝ ነው።